«እጅሽ ይነግርሻል»፦ የእናቷን የሸክላ ሙያ ለመውረስ ለተነሳች እህት

ደብዳቤው (ለዓምዱ እንዲመች አሳጥረነዋል)

«ቀጨኔ ተወልጄ ያደግኩ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። አያቴም እናቴም ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ አባቴ ሸማኔ ነበር። ሒሳብ ተምሬ ሰባት ዓመት ቢሮ ከሠራሁ በኋላ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ከእናቴ ጎን ቁጭ ብዬ መሥራት ጀምሬያለሁ። እናቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ቀኝ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ከምሠራቸው 10 ጀበናዎች 6ቱ እሳት ላይ ይበላሹብኛል። ምጣዱ ደግሞ እሳት ሳያይ ገና ሲደርቅ ከዳር ይሰነጠቃል። ጭቃውን እንዴት እንደሚመጥኑት ስጠይቃቸው ‹እጅሽ ይነግርሻል› ከማለት ሌላ አይሉኝም። አሁን አንድ ቡና ቤት 40 ጀበና አዞኛል። አንዱ ጎረቤት ‹ትንሽ ሲሚንቶ ጣል አድርጊበት› ይለኛል፣ ሌላው ‹የሚሽከረከር ማሽን ግዢ› ይለኛል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹ከዚህ ስም ለመውጣት አይደል እንዴ የተማርነው› ብሎ ካኮረፈ ወራት አለፉ። ከየቱ ልጀምር? የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ»

መልሳችን

ውድ እህታችን፣ ከእናትሽ ጀምሪ። ቡና ቤቱ ቀን ቢጨመርበት ይጠብቃል፤ ወንድምሽም ወንድምሽ ነው። የእናትሽ እጅ ግን በየወሩ እየደከመ ነው፣ ከእሱ ጋር የሚሄደውን ነገር ከገበያ ገዝተሽ አትመልሺውም።

«እጅሽ ይነግርሻል» ማለታቸው ሙያውን ለመደበቅ አይምሰልሽ። ዕድሜ ልኩን ጭቃ ያቦካ መዳፍ አፈሩ ስንት ገል (ተወቅጦ ከጭቃው ጋር የሚቀላቀል የሸክላ ስባሪ) እንደሚሸከም፣ ውሃው መቼ እንደሚበቃው በትክክል ያውቃል፤ በቃል የሚናገርበት ልማድ ስላልነበረው ብቻ ነው። ያንን ልክ ወደ ቁጥር የመመለሱ ሥራ ያንቺ ነው። ሰባት ዓመት ቢሮ የተቀመጥሽበት ሙያ እዚህ ላይ ያገለግልሻል።

እንዲህ አድርጊ። «ስንት ነው የሚጨምሩት?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። የደረቀውን አፈርና የተወቀጠውን ገል ለየብቻ ከምረሽ፣ እሳቸው እጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት ሁለቱንም መዝኚ። ውሃውንም ለክተሽ አቅርቢ። ከዚያ ዝም በይና እንደ ልማዳቸው ይቀላቅሉ። ሲጨርሱ የተረፈውን መዝነሽ ከመጀመሪያው ቀንሺ፤ የቀላቀሉት ይኸው ነው። ይህን በሦስት የተለያዩ ቀናት ድገሚው፣ ለጀበናም ለምጣድም ለየብቻ። አፈሩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥብ አፈር ከመዘንሽ ውሃውን እንደ አፈር እየቆጠርሽ ትሳሳቻለሽ።

ሌላም ፈተና አለ፤ ለእናትሽ በተለይ የሚስማማ ስለሆነ አትዝለዪው። ከአንዱ አፈር ብርቱካን የሚያካክሉ አምስት ድቡልቡሎች አቡኪ። በመጀመሪያው ውስጥ ገሉ ከመቶ 10 ይሁን፣ ከዚያ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ይሂድ። ከሥራቸው ቁጥር በወስፌ ጫሪባቸው። ከዚያ አንድ በአንድ እናትሽ መዳፍ ላይ እያኖርሽ «ይኼ ለምን ይሆናል?» በያቸው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ጨፍልቀው ሲያሹት «ይኼ ለጀበና ነው»፣ «ይኼ ምጣድ ነው»፣ «ይኼ ምንም አይሆንም፣ ይፈርሳል» ይሉሻል። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም፣ የእጅ መንቀጥቀጥም አያግደውም። ቅደም ተከተሉን አዟዙረሽ በሌላ ቀን መልሰሽ ጠይቂያቸው፤ ተመሳሳይ መልስ ከሰጡሽ ልኩን አገኘሽው ማለት ነው።

የእናትሽ ልክ እስኪገኝ ድረስ ለመነሻ የሚሆንሽን እንንገርሽ፦ ለጀበና አራት ጣሳ አፈር በአንድ ጣሳ ገል፣ ለምጣድ ሦስት ጣሳ አፈር በአንድ ጣሳ ገል። የጀበናው ገል ከ1 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ወንፊት ይነፋ፤ የምጣዱ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ድረስ ሻካራ ቢሆን ደግ ነው። ገሉ የሚወቀጠው ከራሳችሁ ከተሰበረ፣ በደንብ ከተቃጠለ ሸክላ ይሁን። ገል ከዚህ በፊት እሳት ያየ ስለሆነ ጭቃው ሲደርቅ እሱ አይሸማቀቅም፤ የውሃ መውጫ ቀዳዳም ይከፍታል፤ ስንጥቅ ሲጀምርም እንዳይሮጥ መንገድ ላይ ይይዘዋል። የእናትሽ ቁጥር ከኛ ቁጥር ከተለያየ የሳቸውን ተከተዪ፤ የሳቸው ልክ ለዚያ አፈር የተሠራ ነው።

አፈሩ የሚቆፈርበትን ቦታ በተመለከተ፦ በእግራቸው መሄድ ከቻሉ አብረሻቸው ሂጂ፣ ካልቻሉ በስልክ ቪዲዮ አሳዪያቸው። ላዩን ምን ያህል ጥለው እንደሚቆፍሩ፣ ከጉድጓዱ የትኛውን ወገን እንደሚመርጡ፣ በየትኛው ወር የተቆፈረውን እንደሚወዱ ጻፊ። ከዚያ ቦታ አንድ አምስት ኪሎ ደረቅ አፈር በሁለት ፌስታል አሽገሽ፣ ቀኑን ጽፈሽ ለናሙና አስቀምጪ። አዲስ አበባ እየሰፋች ነው፤ የሸክላ አፈር የሚወጣበት ቦታ አንድ ቀን ቤት ሊሠራበት ይችላል። ያን ጊዜ አዲስ የምታገኚውን አፈር የምታመዛዝኚው ከዚህ ናሙና ጋር ነው።

ይህን የምንልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎንደር በስተሰሜን ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ የታወቀች ነበረች። ከጀበናውና ከድስቱ ሌላ ትናንሽ ምስሎችም ይሠሩ ነበር፤ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው የሚታዩበትን ቱሪስት ሁሉ ያውቀዋል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ታላላቅ ጉዞዎች ማኅበረሰቡ ወደ እስራኤል ሲሻገር እጅ አብሮ ተሻገረ፣ አፈሩ ግን እዚያው ቀረ። ሌላ አገር፣ ሌላ ጭቃ፣ ሌላ ምድጃ የገጠመው ሰው ሙያውን የሚቀጥለው የቀድሞው አፈር ለምን እንደዚያ ይሆን እንደነበር ካወቀ ነው። አንቺ ከቀጨኔ ባትወጪም አፈሩ ራሱ ከእጅሽ ሊወጣ ይችላል።

ቪዲዮ ስትቀርጪ ካሜራውን ከፊት ለፊታቸው አታድርጊ። ከኋላ፣ በትከሻቸው ላይ አሻግረሽ እጃቸውን ብቻ ቅረጪ፤ ከፊት የተቀረጸ እጅ ቀኝና ግራው ተገልብጦ ስለሚታይ በኋላ ስታዪው ያምታታሻል። ለየደረጃው የሚጠሩበትን ቃል እንደ አፋቸው ጻፊ፣ አታሳምሪው። «እንዴት ነው የሚሠሩት?» ከማለት «አሁን ለምን አቆሙ?»፣ «በቃው ያሉት ምን አይተው ነው?» ማለት ይሻላል። ሰው እጁ ያወቀውን የሚናገረው በዚያች ቅጽበት ሲጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ስድስቱ ጀበናዎች እንምጣ። «ይበላሹብኛል» ብለሽ ብቻ ነው የጻፍሽልን። ፈነዱ ወይስ ተሰነጠቁ? ሁለቱ የተለያየ በሽታ ነው፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስባሪውን አትጣዪ፤ ሰብስበሽ እዪው።

እሳቱ በተለኮሰ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች «ጧ» ብሎ፣ ከቂጡ ወይም አንገትና ሆድ ከሚጋጠምበት ቦታ ቅርፊት ተገንጥሎ ከበረረ ጥፋቱ የውሃ ነው። ጭቃው የደረቀ መስሎ መሐሉ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ውሃ ወደ 100 ዲግሪ ስትጠጋ ወደ እንፋሎት ትለወጣለች፤ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው 1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ሲያጣ ሸክላውን ገንጥሎ ይወጣል። ጀበና ከድስት ይልቅ ይህ የሚደርስበት ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ በውስጥ በኩል ንፋስ አይገባውም። ከውጭ ነጥቶ አይተሽው ከውስጥ ገና ላብ አለው።

ስለዚህ ውፍረቱን ተቆጣጠሪ። በወስፌሽ ላይ ከጫፉ 6 ሚሊ ሜትር ላይ ክር እሰሪ። ጭቃው እርጥብ ሳለ ሆዱን በአራት በአምስት ቦታ ወጋ ወጋ አድርጊው፤ ክሩ ከመነካቱ በፊት ወስፌው በወዲያኛው በኩል ከወጣ ቀጭን ነው፣ ክሩ ጠልቆ ከገባ ወፍራም ነው። ቀዳዳውን በጣት ድፈኚው። ቂጡ እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ችግር የለውም። ብዙ ጊዜ ወፍራም ሆኖ የሚገኘው አንገቱ የተቀጠለበት ቀለበት ነው፤ ከውጭ ስናለሰልሰው ጭቃው ወደ ውስጥ ይገፋና እዚያ ይከመራል። ጣት ወይም ጫፉ የደነዘዘ ቀጭን እንጨት አስገብተሽ ከውስጥ ጥረጊው።

አደራረቁም ቸኩሎ እንዳይሆን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በላስቲክ ለበስ አድርጊውና ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከዚያ ገልጠሽ በበጋ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን፣ ዝናብ በሚዘንብበት ወር ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆይ። በአንገቱ ደፍተሽ አታድርቂው፤ በጎኑ አስተኝተሽ በየቀኑ አገላብጪው። ጉንጭሽ ላይ አድርጊውና ከቀዘቀዘሽ ገና ነው። ከዚያ የበለጠ እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ አንዱን ጀበና ጠዋትና ማታ መዝኚ፦ ሁለት ቀን ሙሉ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል።

ደርቋል ተብሎም በቀጥታ ወደ እሳት አይገባም። መጀመሪያ ፍም ዙሪያ አፉን ወደ ፍሙ አዙረሽ ደርድሪ፣ በየሩብ ሰዓቱ አዙሪው። አንድ ሁለት ሰዓት ከሞቀ በኋላ ሆዱ ላይ ውሃ ጠብ ስታደርጊበት «ጪስ» ብሎ የሚተን ከሆነ ከ100 ዲግሪ አልፏል። ሳይቀዘቅዝ ወዲያው ወደ ክምሩ ይግባ። ሞቆ ያደረ ጀበና ሌሊቱን ከአየር እርጥበት መልሶ ይጠጣል፤ ብዙ ሰው «አሙቄው ነበር እኮ፣ ለምን ፈነዳ?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይፈነዳ፣ እሳቱ እየበረደ ሳለ «ቃ» የሚል ድምፅ ሰምተሽ ረጅም ቀጭን ስንጥቅ ካገኘሽበት ግን ውሃ አይደለም። አሸዋና አንዳንድ አፈር ውስጥ ያለው ነጭ የኳርትዝ ድንጋይ 573 ዲግሪ ላይ ሲሞቅ በድንገት ይለጠጣል፣ ሲበርድም እዚያው ላይ በድንገት ይሸማቀቃል። በገል ፋንታ ወይም ከገል ጋር የወንዝ አሸዋ ከጨመርሽ ተይው። ክምሩንም ቸኩለሽ አትግለጪ፤ ንፋስ ባንድ ጎኑ ሲገባበት ይተረተራል። አመዱ በእጅ የሚያዝ እስኪሆን ይደር።

ስንጥቁ እጀታው ወይም ማፍሰሻው ሥር ከሆነ ሆዱ ጠንክሮ ሳለ እርጥብ ጭቃ ስለተለጠፈበት ነው። እጀታውን ከሆዱ ጋር በአንድ ጊዜ አድቦልቡለሽ፣ አንድ ላስቲክ ሥር አቆዪያቸው፤ ሁለቱም ጥፍር የሚቀበሉ ግን የማይታጠፉ ሲሆኑ መጋጠሚያቸውን በወስፌ ጫር ጫር አድርገሽ፣ ከዚያው ጭቃ የተበጠበጠ ቀጭን ልጥፍ ቀብተሽ አጣብቂ። አጣብቀሽ ስትጨርሺ ለአንድ ቀን ሸፍኚው።

ከተቃጠለ ከቀናት በኋላ ምንም ያልነካው ጀበና ከጎኑ እንደ ሽምብራ ቁራጭ ተፈንቅሎ፣ ሥሩ ነጭ ነጥብ ከታየ አፈርሽ ውስጥ የኖራ ጠጠር አለ። እሳት ኖራውን ያቃጥለዋል፣ ከዚያ ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። ከመቃጠሉ በፊት የምትለዪበት ዘዴ አለ፦ ነጫጭ ጠጠሮቹን ለቅመሽ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጊባቸው፤ ከፈላ ኖራ ነው። መድኃኒቱ አፈሩን በቀጭን ወንፊት መንፋት ነው።

ምጣዱን በሚመለከት ደግሞ ጭቃሽም እሳትሽም ደህና ሊሆን ይችላል። ዳሩ ከመሐሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ቀድሞ ይሸማቀቃል፤ መሐሉ ገና ሰፊ ስለሆነ አላስጠጋህም ይለዋል፣ ስለዚህ ይቀደዳል። ዳሩን ብቻ በእርጥብ ጨርቅና በላዩ በላስቲክ ጠምጥመሽ መሐሉን ግለጪው፤ መሐሉ መጠንከር ሲጀምር የዳሩን ግለጪ። የምትሠሪበት ወለል ላይ ሁለት ጣት የሚሆን አመድ አልብሺ፤ ምጣዱ ሲሸማቀቅ በአመዱ ላይ ይንሸራተታል፣ መሬት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ግን መሰንጠቁ አይቀርም። ስንት እንደሚሸማቀቅ ለማወቅ ደግሞ ከዚያው ጭቃ እንደ ጣውላ ጠፍጣፋ ቁራጭ ሠርተሽ ላዩ ላይ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር መስመር አስምሪ፣ አድርቀሽ አቃጥለሽ መልሰሽ ለኪው። 9.2 ሆኖ ከተገኘ ከመቶ 8 ይሸማቀቃል ማለት ነው፤ ስለዚህ 60 ሳንቲ ሜትር ምጣድ የሚፈልግ ሰው ካለ ከ65 ሳንቲ ሜትር ትንሽ አልፈሽ ትሠሪያለሽ። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን። ያልተስተካከለ ምጣድ እንጀራውን ባንድ ወገን አሳርሮ ባንድ ወገን ሊጥ ያስቀረዋል፣ ባለቤቷም የምትረግመው ሊጧን ሳይሆን ምጣዱን ነው።

ሲሚንቶ አትንኪ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ ጠጥቶ ነው፤ እሳት ከ400 ዲግሪ ሲያልፍ ያንን ውሃ መልሶ ያወጣበታል፣ የሚቀረው ዱቄትና ኖራ ነው። ጀበናው ከእሳት ሲወጣ ደህና መስሎ ቡና በፈላበት በሳምንቱ ይፈርሳል። ሲሚንቶው የእናትሽንም የአንቺንም እጅ ይበላል። የሚሽከረከረው ማሽንም ላንቺ አይሆንም። በአክሱም ዘመን የነበረው ሸክላ ሳይቀር ያለ መንኮራኩር በእጅ የተሠራ ነው፤ ማሽኑ የሚፈልገው ለስላሳ ጭቃ ነው፣ እሳት ላይ የሚቀመጥ ዕቃ የሚፈልገው ሻካራ ጭቃ ነው። ገል የበዛበት ጭቃ ማሽን ላይ መዳፍሽን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ያንን ገንዘብ ለጥሩ ሚዛንና ለሁለት ወንፊት አውዪው።

የማቃጠሉንም ዘዴ ብንነግርሽ፦ ዝናብ ባልነካው ደረቅ መሬት ላይ የድሮ ገል አንጥፊ፣ በላዩ ላይ አንድ ስንዝር የሚሞላ ኩበት። የሞቁትን ጀበናዎች በጎናቸው ደርድሪ፣ በየመሐሉ ኩበት ጠቅጥቂ፣ ዙሪያውን ጭራሮና ኩበት አልብሺ፣ ከላይ በትላልቅ ገሎች ክደኚ። በአንድ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ይበቃል፤ 40ውንም አንድ ላይ አታድርጊ፣ አንድ ክፉ ንፋስ ሁሉንም ይወስዳል። የምትለኩሺው አመሻሽ ላይ ይሁን። ንፋሱ ይረጋል፣ የሸክላው ቀለምም በጨለማ ይታያል፦ ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ 600 እና 700 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ደመቅ ያለ ቀይ ሲሆን ወደ 800 ተጠግቷል። ጎማና ፕላስቲክ ማገዶ ውስጥ አይግባ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ሰው የሚጠጣበት ዕቃ ላይም ያርፋል።

ደንበኞችሽ ጥቁር ጀበና ከፈለጉ ቀይ ሆኖ ሳለ በረጅም እንጨት አውጥተሽ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭድ ውስጥ ቅበሪው፣ በአሮጌ ጋን ወይም በቆርቆሮ ግማሽ ሰዓት ክደኚው። ጭሱ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ መልኩም ጥልቅ ጥቁር ይሆናል። እንዲያብረቀርቅ የጫማ ቀለም ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ይህ ነውር ነው። ማብረቅረቅ የሚመጣው ከመቃጠሉ በፊት፣ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ ደጋግሞ በማሸት ነው። እናትሽ የሚያሹበት ድንጋይ ካላቸው ምናልባት ከአያትሽ የወረሱት ይሆናልና ይዘሽ ጠብቂው።

ከእሳት ሲወጣ አንኳኪው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የደፈነ ድምፅ ከሰጠ የማይታይ ስንጥቅ አለው ወይም አልበሰለም። የጠረጠርሽውን ውሃ ሞልተሽ አሳድሪው፣ ጠዋት ቂጡን በጥፍር ፋቂው። ጭቃ ጭቃ ካለሽ አልበሰለም፣ ለደንበኛ አይሰጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አቧራ፦ ገልና ደረቅ አፈር ስትወቅጪ ትንሽ ውሃ ርጪበት፣ አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ሲጨርሱ በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ያ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እናትሽ ዕድሜ ልካቸውን ስለተነፈሱት ሳል ካላቸው ሐኪም ይያቸው።

ትዕዛዙን በሒሳብሽ እዪው። ከ10 ውስጥ 4 ብቻ እየተረፈ 40 ለማድረስ 100 መሥራት አለብሽ። ብክነቱ ከ10 ውስጥ ከ6 ወደ 2 ከወረደ 50 ይበቃል። ስለዚህ ለቡና ቤቱ ሰው ደውለሽ፣ መጀመሪያ 10፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 15 እያደረግሽ እንደምታስረክቢ ንገሪው፤ የመጀመሪያዎቹን 10 ሳታስረክቢ ለሙሉው ትዕዛዝ ቀን አትቁረጪ። ዋጋውን ስታወጪም አፈሩን፣ መጓጓዣውን፣ ማገዶውን፣ የሁለታችሁን የሥራ ቀን ደምረሽ ለሠራሽው ሳይሆን ለተረፈው ቁጥር አካፍዪ። አብዛኛው ሸክላ ሠሪ የሚከስረው የተሰበረውን ከኪሱ ስለሚከፍል ነው። ከየጀበናው ጋር አጭር ወረቀት ስጪ፦ መጀመሪያ ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፣ ከዚያ በቡና አተላ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ያፍሉበት፣ የጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩበት። ምጣድ የሚገዛ ደግሞ በተፈጨ ጎመን ዘር ሳያሟሽ እንጀራ እንዳይጋግርበት።

ወንድምሽን አትፍረጂበት። «ስም» ያለው ነገር እውነተኛ ቁስል ነው። ሸክላ የሚሠራና ሸማ የሚሸምን ቤተሰብ ልጅ በሰፈርም በትምህርት ቤትም «ቡዳ» ሲባል፣ ለጋብቻ ሲጠየቅ «ዘሩ ከየት ነው?» ሲባል የኖረበት አገር ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል፣ የተሳደበውንም የሚያስቀጣ አዋጅ አውጀው ነበር። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል የከበደ እንደነበረ ያሳያል፤ ስድቡም በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ወንድምሽ ትምህርቱን እንደ መሸሻ ያየው አንቺንም ከዚያ ሊያድንሽ ብሎ ይሆናል። ስለዚህ «ባህላችን ነው» እያልሽ አትከራከሪው፤ ሊሸሸው የሞከረው ይህንኑ ቃል ነውና አይሰማሽም። «እኔ ስታፍር አላየሁህም፣ ስትሰደብ ግን አይቻለሁ» በይው፣ እውነት ከሆነ። ከዚያ የሒሳብ ደብተርሽን አሳዪው። ገቢና ወጪውን ጽፎ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚያገኝ ሲያይ ቢያንስ ለመነጋገር ይቀመጣል። ባይቀመጥም እናቱ ናቸውና አፈር የሚመጣበትን መኪና እንዲያፈላልግ፣ ወይም ቪዲዮውን ከትከሻቸው በላይ እንዲይዝልሽ ለምኚው። ሥራ የያዘ እጅ ከኩርፊያ ይወጣል።

በጀበናው ቂጥ ላይ ምልክት ማድረግ ካሰብሽ እናትሽን አስፈቅጂ። ቀጨኔ ውስጥ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ያለ ምልክትም የአንዷን እጅ ከሌላዋ ይለያሉ፤ ገዢው ግን አይለይም። ከፈቀዱ የሚመቸው የአውራ ጣታቸው የጥፍር አሻራ ነው፦ ጭቃው ጥፍር የሚቀበልበት ደረጃ ላይ ሳለ ቂጡ ላይ አንዴ ይጫኑት። የሚንቀጠቀጥ እጅ ይህን ይችላል።

ክረምቱ ሊገባ ስለሆነ አሁን ያለሽን አፈር አድርቀሽ፣ ወቅጠሽ፣ ነፍተሽ በጆንያ ከመሬት ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ። የመጀመሪያዎቹን 10 ጀበናዎች ከሰኔ በፊት አቃጥዪ። ሐምሌና ነሐሴን ለማቃጠል አትሞክሪ፤ ለልኬቱ፣ ለጣውላው ሙከራና ለእናትሽ ቃላት አውዪው፤ የቀረውን ትዕዛዝ ለጥቅምት ቀጥሪ። አምስቱን ድቡልቡሎች ግን ለክረምት አታሳድሪ፤ ነገ ጠዋት፣ እናትሽ ቡናቸውን ጠጥተው እጃቸው በረጋበት ሰዓት አቅርቢላቸው።